ሻሽ የለበሰው ቲቪ

ጭሮ መናኸሪያ ወርዳችሁ «የሞሚና ጌም ቤት» ብትሉ ባጃጅ ነጂው መጀመሪያ ይስቃል፤ ከዚያ ያደርሳችኋል። የሚስቀው ሴት ሆና ጌም ቤት ስለከፈተች አይደለም፤ እሱን ከተማው ለምዶታል። የሚያስቀው ሻሿ ነው። ልጆቹ የሚጫወቱት ጌም ውስጥ ደም ሲመጣ ሞሚና ከዱካዋ ብድግ ትልና፣ ለዚሁ ብላ ሚስማር ላይ የሰቀለችውን አሮጌ ሻሽ ቲቪው ላይ ጣል ታደርጋለች። ተኩሱ አለፈ ብላ ስታስብ ታነሳዋለች። ልጆቹ ግን አይቆሙም፤ ሻሹ ሥር በድምፅ ብቻ ይታኮሳሉ። ማን እንደሞተ የሚታወቀው ሻሹ ሲነሳ ነው።

እኔ የምኖረው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ስሜ እፀገነት ነው፤ ግን ነርስ ስለሆንኩ ከተማው ሁሉ «ሲስተር» እንጂ በስሜ የሚጠራኝ የለም። ከደብረ ታቦር ተመድቤ ስመጣ ቶሎ ዝውውር አገኛለሁ ብዬ ሻንጣዬን እንኳ በቅጡ አልፈታሁም ነበር። ይኸው ዛሬ ሻንጣው የቴርሞስ ማስቀመጫ ሆኗል። ልጅ የለኝም፤ ስለዚህ ስለ ልጅ አስተዳደግ የማልሰጠው ምክር የለም። ይህን የምትለው ሞሚና ናት፤ እኔም አልክድም።

ሞሚና የመሰላ ወረዳ ልጅ ናት። ዓሊዩ የሚባል የጭሮ ጫት ነጋዴ ገና ተማሪ ሳለች አግብቶ አመጣት። ዓሊዩ ከበደሳና ከመቻራ በኩል የሚመጣውን ጫት እየተረከበ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ጫቱን ስትመርጥ፣ ስታስርና በኮባ ቅጠል ስትጠቀልል የኖረችው ግን እሷ ናት። ከእኔ በዕድሜ ብዙም አትበልጥም፤ ስትቀመጥ ግን የሰባት ልጆች እናት ናት የምትመስለው። ያላት ልጅ አንድ ነው፤ ዚያድ። ከእሱ በኋላ አልመጣላትም።

ዓሊዩ ደግሞ ጥሩ ሰው ነው። ይህን የምለው ለይምሰል አይደለም። ወባ ይዞኝ በወደቅኩ ጊዜ ባጃጅ ይዞ የሮጠ እሱ ነው፤ በረመዳን እኔን ክርስቲያኗን ሳይቀር ግቢውን ሁሉ ያበላል፤ ቀልዱ አያልቅበትም። ብቻ በርጫ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ድምፅ አይወድም። ምሳ ተበልቶ ጫቱ ቀርቦ፣ ጓደኞቹ መጅሊሱ ውስጥ ትራስ ትራሳቸውን ከተደገፉ በኋላ ያ ክፍል እስከ መግሪብ የአባቶች ነው። ልጅ በዚያ ድርሽ አይልም። ሞሚናም የምትገባው ውሃ ለማቀበል ነው። ይህ ደግሞ የዓሊዩ አመል ብቻ አይደለም፤ ከምሳ በኋላ በዚህ ከተማ በየቤቱ አንድ የማይነካ ክፍል አለ።

ጌም ቤቱ የተከፈተው በዚያድ ምክንያት ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት እየጠፋ መናኸሪያው ጀርባ ያለ አንድ ጨለማ ጌም ቤት መዋል ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ሞሚና ልትፈልገው ስትሄድ ሁለት ጎረምሶች ተራዬ ነው፣ ተራህ አይደለም ተባብለው በቡጢ ሲፋለሙ፣ ዚያድ ግድግዳ ተደግፎ አፉን ከፍቶ ሲያይ አገኘችው። ጎትታ አመጣችው። ማታውን እኔ ክፍል መጥታ ተቀመጠች።

«ሲስተር፣ ይሄ ልጅ ሰነፍ ቢሆን ግድ የለኝም» አለችኝ። «ጫት ነጋዴ ይሆናል፣ ይበላል። ቢዋሽም ይመከራል። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነው። እጁ ሰው ላይ እንዳይለምድ። እጅ አንዴ ከለመደ አይመለስም፣ ወላሂ።» ይህን ስትል ድምጿ ዝቅ አለ።

ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ ወርቋን ሸጠች። ቲቪና ፕሌይስቴሽን ገዝታ፣ ጫት ይጠቀለልበት የነበረውን የመንገድ ዳር ክፍል አስጠርጋ ጌም ቤት ከፈተች። «ልጅሽን ከጌም ቤት ለማስቀረት ጌም ቤት ትከፍቻለሽ?» ብዬ ሳቅኩባት። «ዓይኔ ሥር ይሁን» አለችኝ። ሌላ መልስ የላትም።

ዓይኗ ሥር የሆነው ግን ዚያድ ብቻ አልነበረም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተሰበሰበ። ገበያ የሚወጡ እናቶች እየጣሏቸው ይሄዳሉ። አባቶችም በርጫ ላይ የሚረብሻቸውን ልጅ «ሂድ ሞሚና ጋ!» እያሉ ይልካሉ። እሷ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ማን ምን እንዳየ ትጠብቃለች። እንግሊዝኛ ስለማታነብ ቁጥጥሯ በቀለም ነበር፤ ቀይ ከታየ ሻሽ። መጀመሪያ ሰሞን ቀይ ማልያ የለበሰ የኳስ ቡድን ላይ ሁሉ ጥላለች፤ ልጆቹ ጎል ያገባው ማን እንደሆነ ሳያውቁ ተጣልተው ነበር።

ልጆች ሞኞች አይደሉም። የጌሙ ማስተካከያ ውስጥ ገብተው ደሙን አረንጓዴ አደረጉት። ሞሚና አረንጓዴውን ስታይ ፊቷ በራ። ለካ የዚህ አገር ሰው አረንጓዴ ነገር አይቶ ክፉ ማሰብ አይሆንለትም። እኔ ነኝ የነገርኳት። «ሞሚና፣ ቀለሙ ነው እንጂ የተለወጠው ሰውዬው ያው ይሞታል» አልኳት።

«ታዲያ የቱ ጋ ነው የምሸፍነው?» አለችኝ። «ሲሞት ነው ወይስ ሲገድል? ሲገድልማ ደም የለም፣ መሣሪያ ይዞ መሮጥ ብቻ ነው። እሱንም ከሸፈንኩ ምን ይቀራል?» እኔ መካሪዋ ቴርሞሴን አንስቼ ሻይ ቀዳሁላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻሹን የምትጥለው እንደመጣላት ሆነ፤ አንዳንዴ ሲተኩሱ፣ አንዳንዴ መኪና ሲጋጭ፣ አንዳንዴም ራሷን ሲያማት።

ራሷን ያማት ነበር። እንዲህ ባለ ቀን የራሷን ሻሽ እስከ ቅንድቧ አውርዳ ታስርና መድኃኒት ስጪኝ ትላለች። እሰጣታለሁ።

ታዲያ አንድ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ጩኸት ሰምቼ ስወጣ፣ መክሊት አፏን በሁለት እጇ ይዛ በጣቶቿ መሐል ደም ይወርዳል። መክሊት የመምህር ደጀን ልጅ ናት። አባቷ ከወሎ መጥቶ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር ሰው ነው፤ እናቷ በደሳ ተመድባ ስለምትሠራ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ሞሚና ነው የምትመጣው። ከዚያድ ጋር አንድ ክፍል ናቸው፤ ዓይንና ቅንድብ ናቸው። ጌም ላይ ደግሞ ከወንዶቹ ሁሉ የምትበልጥ ተኳሽ እሷ ናት። «ማነው?» አልኩ። ልጆቹ ሁሉ በአንድ አፍ «ዚያድ! በእጁ ጀርባ መታት! በሩ ላይ ወደቀች!» አሉ። ዚያድ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል። የሚያየው መክሊትን አይደለም፤ የገዛ እጁን ነው።

የፊት ጥርሷ ግማሹ ተሸርፏል። አጥቤ፣ ደሙን አቁሜ ወደ ሆስፒታል ላክኋት። ዓሊዩ በዚያ ቀን ለቅሶ ሊደርስ መቻራ ሄዶ ነበር፤ ሞሚናም ገበያ ነበረች። ስትመለስ ነገርኳት። ዘንቢሏን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ለመደ» አለች። «እጁ ለመደ፣ ሲስተር። እኔ ነኝ ቤቴ ድረስ ያመጣሁለት።» አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

መምህር ደጀን እሳት ጎርሶ መጣ። «ይሄ የጌሙ ውጤት ነው! ጥናት አለ!» እያለ ግቢው መሐል ተናገረ። ጌም ቤቱ እንዲታሸግ ለቀበሌ አመለክታለሁ አለ። እውነት ለመናገር ጥናቱን ሲጠቅስ ደስ አይልም፤ ተማሪ እንደሆንን ነው የሚያወራን። የልጁ ጥርስ ተሸርፎ ምን ይበል ደግሞ! ዓሊዩ ከለቅሶ ሲመለስ «ልጆች ናቸው፣ ይማታሉ። ልጅህን እዚህ ማን ላካት?» አለው። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ሊያያዙ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ጎረቤት ገላገለና ነገሩ ወደ ሀጂ በክሪ ተላከ።

ሀጂ በክሪ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። የመሬት ድንበርም ቢሆን፣ የተሰረቀ በግም ቢሆን፣ የደም ነገርም ቢሆን መጀመሪያ የሚሰማው እሳቸው ዘንድ ነው። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጥተው መጅሊሱ ውስጥ ተቀመጡ፤ ጫት ቀረበ። እኔን ቁስሉን ያየሁ ነኝ ብለው አስጠሩኝ። ሞሚና በሩ ጋ ተቀምጣለች፤ ሻሿ እስከ ቅንድቧ ወርዷል።

«መምህር፣ ማንን ነው የከሰስከው?» አሉ ሀጂ። «ልጁን ነው?»

«ልጁ ምን ያድርግ፣ ሀጂ? ያየውን ነው ያደረገው። የከሰስኩት ጌሙን ነው።»

«ጋሪ!» አሉ፤ መልካም ማለታቸው ነው። «ተከሳሽ በሌለበት ግን አንፈርድም። ይቅረብ።»

ቀልድ መስሎን ነበር። ሀጂ ግን ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ፤ ሁላችንም ተከትለን ወደ ጌም ቤቱ ሄድን። ሁለት ልጆች ተቀምጠው እንዲጫወቱ ታዘዙ። ልጆቹ ተጫወቱ እንጂ አልተናገሩም፤ ሽማግሌ በተቀመጠበት ልጅ አይናገርም። ማብራሪያው የመምህር ደጀን ሆነ። ሀጂ በክሪ ዓይናቸውን ቲቪው ላይ ተክለው ቆዩና አንዱ ተመትቶ ሲወድቅ እጃቸውን አነሱ።

«ይሄ የወደቀው ማነው?»

«ጠላት ነው፣ ሀጂ።»

«ምን አደረጋቸው?»

«ምንም አላደረጋቸውም። ጨዋታው እንደዚያ ነው።»

«ጎሳው?»

«ጎሳ የለውም።»

«እንዴት ጎሳ የለውም? ጉማውን ማን ይቀበላል?» አሉ። ጉማ የደም ካሳ ነው፤ እዚህ አገር ደም ከፈሰሰ ጉማ ሳይከፈል ነገር አይበርድም።

መምህር ደጀን ላብ ላብ አለው። «ሀጂ፣ አይቆጡኝና፣ ማለቴ... ይነሳል እኮ። የሞተው ተመልሶ ይነሳል።» እውነትም ሰውዬው ተነስቶ መሮጥ ጀመረ። «ሱብሃነላህ!» አሉ ሀጂ። «ታዲያ ከተነሳ ምን ጎደለ?» ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ዓሊዩ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ፤ እኔም አልቻልኩም፣ ሳቅኩ። ሀጂ ግን አልሳቁም።

«አሁን ጥፊውን አሳዩኝ።»

«የቱን ጥፊ?»

«ዚያድ ልጅቱን የመታበትን። በእጁ ጀርባ ነው ብላችኋል። እዚህ የሚተኩስ አየሁ፣ የሚወጋ አየሁ። በእጁ ጀርባ የሚመታ አላየሁም።»

መምህር ደጀን ሌላ ጌም አስገቡ አለ። ገባ። ቦምብ አለ፣ ቢላዋ አለ፣ በእግር መርገጥም አለ። ሦስተኛው ተሞከረ። የእጅ ጀርባ የለም። «ታዲያ ይሄ ልጅ ከየት አመጣው?» አሉ ሀጂ። ሞሚና መሬት መሬቱን ታያለች። «መግሪብ እየደረሰ ነው» አለ ዓሊዩ።

ስለዚህ ቶሎ ተፈረደ። «የዚህን ነገር አባት አላወቅነውም፤ የልጆቹን አባቶች ግን እናውቃለን» አሉ ሀጂ። «ልጅ የሚያየውን አባት ይየው። ከነገ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ አባቶች እየተፈራረቁ እዚህ ይቀመጡ። ቤቱ አይዘጋም።» መምህር ደጀንም ዓሊዩም እጅ ተጨባበጡ። የመክሊት ጥርስ ማሠሪያ በዓሊዩ ሆነ። ሞሚና የሀጂን እጅ ልትስም ጎንበስ ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ፍርዱን ወደድኩት። ጥናት ያልደረሰበት ነገር ይኸው ብዬ መምህር ደጀንን በዓይኔ ፈለግኩት።

ከዚያ የሆነውን ግን እስካሁን ራሴ አልገባኝም።

የመጀመሪያው ተረኛ ጫቱን ይዞ መጣ፤ ምን ያድርግ፣ ሰዓቱ የበርጫ ነው። ጫት ደግሞ ብቻውን አይቃምም፤ ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው ትራስ ይዞ መጣ። በሁለተኛው ሳምንት ፍራሹ፣ ምንጣፉ፣ ቴርሞሱ ሁሉ ከመጅሊሱ ወደ ጌም ቤቱ ተጓጓዘ። ሚስማር ላይ የተሰቀለውን የሞሚናን ሻሽ አንዱ አውርዶ በውሃ ነከረና ጫቱ እንዳይደርቅ ጠቀለለበት። አባቶቹ መጀመሪያ ዝም ብለው ያዩ ነበር። ቀጥሎ «ከኋላህ ነው! ከኋላህ!» እያሉ መምከር መጣ። ቀጥሎ ዓሊዩ «እስቲ አምጣ ልሞክር» ብሎ ጆይስቲኩን ከአንድ ልጅ እጅ ወሰደ። በዚያው ቀረ።

ከሁሉ የባሰው መምህር ደጀን ሆነ። አይቅምም፤ «ለጥናት ነው» እያለ ተራው ሲደርስ መነጽሩን አውልቆ ይተኩሳል። ሀጂ በክሪም ፍርዱ መጠበቁን ሊያዩ አልፎ አልፎ እየመጡ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሰው በወደቀ ቁጥር «ተነሳ?» ይላሉ፤ «ተነሳ፣ ሀጂ» ሲሏቸው ይረጋጋሉ። ሞሚና አንድ ቀን «ሲስተር፣ አሁን ማንን ነው የምጠብቀው?» አለችኝ። ይገርማል፣ ይህን ብላ አልሳቀችም። ዓሊዩ ሲሸነፍ ይበሳጫል። ሻሿ በዚያ ሰሞን ከቅንድቧ ከፍ ብሎ አያውቅም። መድኃኒት ልስጥሽ ስላት፣ አልፈልግም ትላለች።

የመጨረሻው ቀን የሆነው በገበያ ማግስት ነው። እኔ ፈረቃዬን ጨርሼ ስገባ ጌም ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ጩኸቱ መንገድ ድረስ ይሰማል። ሞሚና ግቢው መሐል ቆማለች።

«ልጆቹስ?» አልኳት።

«እኔም እሱን ነው። አንድ ልጅ የለም፣ ሲስተር። ዚያድ የለም።»

ጀርባ ያለውን ጓሮ አየን፤ የሉም። መንገድ ላይም የሉም። ልቤ መናኸሪያው ጀርባ ያለውን ጨለማ ቤት አሰበ፤ የእሷም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም፣ ጫማዋን ልትቀይር ወደ ቤት ገባች። እኔም ተከተልኳት። ከመጅሊሱ ውስጥ የታፈነ ሳቅ ሰማን። መጅሊሱ አባቶቹ ከሄዱ ወዲህ ባዶ ነው። ሞሚና መጋረጃውን በአንድ ጣቷ ገለጥ አደረገች።

ልጆቹ ሁሉ እዚያ ናቸው። ግድግዳውን ተደግፈው፣ አንድ ጉልበታቸውን አቁመው፣ በክርናቸው ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ትራሱ ደብተር ቦርሳቸው ነው። መሐላቸው ገራባ ተበትኗል፤ አባቶች ቀንጥሰው የጣሉት የጫት እንጨት ነው። ጉንጫቸውን በወረቀት ወጥረዋል። ዚያድ የአባቱ ቦታ ላይ ነው። የሳሙና ካርቶን ጆሮው ላይ ለጥፎ «እሺ፣ መኪናው በደሳን አለፈ? አለፈ ወይ ነው የምልህ!» ይላል። ልክ ዓሊዩን ነው። ሳቄ መጥቶ አፌን ያዝኩ።

መክሊት ገባች። የት እንዳገኘችው እንጃ፣ አንድ ፎጣ እስከ ቅንድቧ አውርዳ ራሷ ላይ አስራለች። በእጇ ጣሳ ይዛለች። «ውሃው ይኸው» አለች በቀስታ፤ «ደግሞ የልጁ ትምህርት ቤት ስብሰባ ጠርቷል፣ ወላጅ ይምጣ ብለዋል...»

ዚያድ ፊቱን አላዞረም። ዓይኑንም ከካርቶኑ አላነሳም። እጁ ብቻ ተነሳና በጀርባው በኩል ተወረወረ። አልነካትም። መክሊት ቀድማ ወደ ኋላ ተስፈንጥራ ግድግዳው ላይ ዘፍ አለች፤ ከዚያ ተነሳች፣ ፎጣውን አስተካክላ ይበልጥ ወደ ቅንድቧ አወረደች፣ የፈሰሰውን ውሃ በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገች። አንዱ ልጅ «ቻላት ዓሊዩ፣ ሴት ናት» አለ የትልቅ ሰው ድምፅ አውጥቶ። ሌሎቹ ጫታቸውን ማኘክ ቀጠሉ።

ሞሚና መጋረጃውን ገፋችው። ልጆቹ በርግገው ተነሱ። ዚያድ ካርቶኑን ከጀርባው ደበቀ፤ ጥፋቱ ካርቶኑ ይመስል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች።

«ዕቃ ዕቃ ነው» አለች መክሊት። ስትናገር የተሸረፈው ጥርሷ ይታያል። «እሱ አባት ነው፣ እኔ እናት ነኝ።»

«ያን ቀንስ? ጥርስሽ የተሰበረ ቀን?»

«ያን ቀንም እዚሁ ነበርን። ዚያድ ሊመታኝ አልነበረም እኮ። እኔ ነኝ መሸሽ የነበረብኝ። ረሳሁና ቀረብኩ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገራችሁም? ያ ሁሉ ሽማግሌ ተሰብስቦ!»

መክሊት ግራ ገብቷት ዚያድን አየችው። «ማን ጠየቀን?» አለች።

በዚህ መሐል ከጌም ቤቱ የዓሊዩ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ መጣ። «ሞሚና! ውሃ!» መክሊት ከጨዋታው ገና አልወጣችም መሰለኝ፣ በሞሚና ድምፅ «መጣሁ፣ መጣሁ» አለች። ከዚያ ምን እንዳደረገች ገባትና አፏን በእጇ ያዘች። ያ አፍ አያያዝ ደሙ የወረደ ቀን ያየሁት ነው።

ሞሚና ግቢውን አቋርጣ ሄደች። ውሃ አልያዘችም። እኔ ከኋላዋ ነኝ፤ ምን ልታደርግ እንደሆነ አላወቅኩም፣ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ጌም ቤቱ ገብታ እንደ ልማዷ እጇን ወደ ሚስማሩ ሰደደች። ሻሹ የለም። ዞር ስትል እርጥብ ሆኖ የዓሊዩ ጫት ላይ አየችው። ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ጭንቅላቷ አንስታ የራሷን ሻሽ ፈታችና ቲቪው ላይ ጣለችው።

«ኧረ ሞሚና!» «አንሺው! ልሞት ነው!» አሉ አባቶቹ። መምህር ደጀን ጆይስቲኩን እንደያዘ አንገቱን አሰገገ፤ ሻሹ ሥር ለማየት። ከዚያ አንድ ሰው ዝም አለ፣ ሌላውም ዝም አለ። ይህች ሴት በወንድ ፊት ሻሿን አውልቃ አታውቅም። ግንባሯ ላይ ከቅንድቧ በላይ ያበጠ ነገር አለ። የዛሬ አይደለም፤ ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ፣ ሰንብቶ ጠርዙ አረንጓዴ መሆን ጀምሯል።

ሀጂ በክሪ ጥግ ላይ ነበሩ። አፋቸው ውስጥ ያለውን ጫት በመዳፋቸው ተቀብለው አስቀመጡ።

«ሞሚና፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ዓሊዩ እጁ ላይ ያለውን ጆይስቲክ ያያል።

«እኔን አትጠይቀኝ፣ አባ ሀጂ» አለች። እዚህ አገር አንቱታ እንደ እኛ ደጋ አይደለም፤ ሽማግሌንም አንተ ይላሉ፣ ክብሩ ድምፃቸው ውስጥ ነው። «ያን ቀን ጥፊው የት አለ ብለህ ቲቪውን ጠየቅክ። መምህሩን ጠየቅክ። ልጆቹን የጠየቀ የለም። ልጆቹ ያውቁታል።»

ሀጂ ምርኩዛቸውን ሊይዙ ፈልገው አጡት፤ እግራቸው ሥር ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሲስተር» አሉ፣ «ልጆቹን ጥሪልኝ። መጀመሪያ ልጅቱን። እዚህ ፊቴ ተቀምጣ ትንገረኝ።»

ወጣሁ። ልጆቹ መጅሊሱ በር ላይ ተደርድረው ቆመዋል። መክሊት ፎጣውን ከራሷ አውልቃ በእጇ ጠቅልላለች። እጄን ዘረጋሁላት፤ ዚያድ ግን ቀድሞ ያዘው። እጁን ላብ አርሶታል። ትንሽ እጅ ናት፣ የጫት እንጨት ቅርፊት ጥፍሩ ሥር ገብቷል።

«ሲስተር፣ ጌሙ ሊዘጋ ነው?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

«ታዲያ ማን ነው የተከሰሰው? እኔ ነኝ?»

አይደለህም ልለው አፌን ከፈትኩ። ቀጥሎ ማነው እንደሚለኝ አውቃለሁ። እጁን አጥብቄ ያዝኩትና ሦስታችን ግቢውን ተሻገርን። ጌሙን ያጠፋው ሰው ስላልነበረ ሻሹ ሥር አሁንም ይታኮሳሉ።